ሁለት ጭረት

ግንቦት 19፣ ሰኞ

የእትዬ ዘይባ የእንግዳ መዝገብ ትናንት አለቀ። ዛሬ ከወልቂጤ ስመለስ ሁለት ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዛሁ፤ ሁለት ስወስድ ቀነሰልኝ። አንዱን ለእሳቸው አሰመርኩላቸው። አንዱ ተረፈኝና ይኸው እጽፍበታለሁ። ቀን የሰው ገቢ ስጽፍ ውዬ፣ ማታ የሰው እንግዳ ስጽፍ አምሽቼ፣ የራሴን ነገር የማሰፍርበት አንድ ገጽ ኖሮኝ አያውቅም።

ጉብሬ ላይ አልጋ የሚያከራይ ሰው ያደረበትን ሁሉ ለፖሊስ መዝግቦ መያዝ አለበት። እትዬ ዘይባ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ስምንት ክፍል አላቸው፤ በራቸው ላይ «አልጋ አለ» የምትል ቆርቆሮ ተሰቅላለች። ሌሊቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ዘጠነኛዋን የጓሮ ክፍል የተከራየሁት እኔ ከመግሪብ ሶላታቸው በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ፦ ስም፣ ከየት፣ መታወቂያ፣ ክፍል፣ ዋጋ። እሳቸው ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ሰው አይቀርም፤ የእህታቸው ልጅ ቢያድር እንኳ ይጻፋል። «ሳይጻፍ ያደረ ሰው ቢሞትብኝ ለማን ብዬ ነው የምነግረው?» ይላሉ። ዋጋውን እላይ አንዴ ጽፌ ወደ ታች ማውረድ ነው። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጽሕፈቴ ያምራል። አባቴ ጎጃም ውስጥ ስሙ የተጠራ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ እጄ የእሱ ነው። እትዬ ዘይባ ማንበብ ባይችሉም ገጹን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «ማሻአላህ» ይላሉ። በዚህ የተነሳ አራት ዓመት ሙሉ ኪራዬን ከስድስት መቶ ብር አላሳለፉብኝም። ጎረቤት እንዲህ ያለች ክፍል ሁለት ሺህ ገብታለች።

ግንቦት 23፣ ዓርብ

ገቢዎች ቢሮ ስብሰባ ዋልን። አዲስ የቀን ገቢ ግምት ሊካሄድ ነው። ግምቱን የሚመሩት አቶ ዱባለ «አልጋ ቤት ያለው ሁሉ ደሃ ነኝ ይላል፤ ሄደህ አልጋ ስትጠይቅ ግን አልጋ የለም። ዘንድሮ ይህ ቀልድ ያበቃል» አሉ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ቅጽ ታደለን። ከግብር ከፋይ ጋር የዝምድና፣ የኪራይ ወይም ሌላ የጥቅም ግንኙነት አለዎት? አለ፤ የለም። «የለም» ላይ ምልክት አደረግኩ። ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ደግሞስ የወር ኪራዩን ሳያጓድል የሚከፍል ሰው ምን ተጠቀመ ይባላል?

ቤት ለቤት ከሚዞሩት ጋር አልተመደብኩም። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። «ቃለ ጉባኤው በአንተ እጅ ይሁን፤ ማንበብ ሰለቸን» አሉኝ አቶ ዱባለ። ተገላገልኩ። የግምቱ ነገር እኔን አይመለከተኝም ማለት ነው።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው አብርሽ ከገማቾቹ አንዱ ሆኗል። «አንተ ጉብሬ የት ጋ ነው የምትኖረው፣ ጀለሴ?» አለኝ። ዘመድ ቤት አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ጉብሬ ላይ ዘመድ የለኝም።

ማታ መዝገቡን ጽፌ ስጨርስ ለእትዬ ዘይባ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ከቢሮ ሰዎች ሊመጡ ይችላሉ። እኔ እዚህ መኖሬን ባያነሱ ይሻላል።»

«ለምን ልጄ? ጥሩ ሰው አይደለህ እንዴ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው። የቢሮውን ሰው በርካሽ አስቀምጠው ነው ይሉዎታል።»

«እንዲያ ከሆነማ እሺ። አላነሳም።»

ለእሳቸው ብዬ መሆኑ እውነት ነው።

ሰኔ 2፣ እሑድ

ዝናብ። አምስት ቁጥር ያለችው ወይንሸት ልብሷ ረጥቦ ገባች። ከእንሴኖ ናት። ባሏ፣ ክርስቲያን የሚባለው፣ ግንድ ሲጭን ግንዱ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀበትና አታት ሆስፒታል ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ጠዋት በባጃጅ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች።

እትዬ ዘይባ ከእሷ ሳንቲም አይቀበሉም። ከአስታማሚ አይቀበሉም፤ ስለት አለባቸው። ባላቸው ጀማሉ አታት ተኝተው አርባ አንድ ቀን ሲያስታምሙ ማደሪያ አልነበራቸውም። ጉብሬ ላይ አንዲት የማያውቋት ሴት አስጠጋቻቸውና ገንዘብ ቢሰጧት እምቢ አለች። ባላቸው ሞቱ፤ ስለቱ ግን ቀረ። ታዲያ ከስምንቱ ክፍል ሦስቱ፣ አንዳንዴ አምስቱ የአታት ሰው ነው። ሲሄዱ አንዱ ቆጮ ያመጣል፣ አንዱ ጎመን። የሚበዙት መርቀው ይሄዳሉ። የሚከፍለው ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ዩኒቨርሲቲ ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ወላጅ ነው፤ በሌሊት ሁለት ሰው፣ ቢበዛ ሦስት።

ማታ ሲያስጽፉኝ «አምስት ቁጥር፣ ወይንሸት፣ የአታት ናት» ይላሉ። እሺ እላለሁ።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

መጡ። በአረፋ ዋዜማ! አቶ ዱባለ ቀኑን መርጠውታል። ድምፃቸውን ስሰማ በሬን ከውስጥ ቀረቀርኩና ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ።

ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። የእትዬ ዘይባ ወንድሞች ከነልጆቻቸው ለአረፋ ከአዲስ አበባ ገብተዋል። ሦስት ክፍል የአታት ሰዎች ይዘዋል። የሚከፍለው አንድ የሲሚንቶ ሹፌር ብቻ ነው። አብርሽ ጮክ ብሎ ሲቆጥር ሰማሁት፤ «ስምንት ከስምንት!»

«እነዚህ ወንድሞቼ ናቸው። ለበዓል ነው የመጡት» አሉ እትዬ ዘይባ።

«ዛሬ የገባንበት ቤት ሁሉ ወንድም ነው ያለው፣ እናቴ» አለ አብርሽ።

ተሳሳቁ። ከዚያ እርምጃቸው ወደ ጓሮ መጣ። በሬ ተነካካ።

«ይቺስ?»

«ዕቃ ቤት ናት።»

«ቁልፉን ያምጡት።»

«ቁልፉን የያዘው ሰው የለም።»

እትዬ ዘይባ ውሸት የሚጠሉ ሰው ናቸው። ወንድማቸው በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ሲዋሽ እንኳ ይቆጡታል። አስቤ አላስዋሸኋቸውም፤ እሳቸው ናቸው ያሉት።

ሰኔ 9፣ እሑድ

አረፋ። እንደየዓመቱ ለእኔ ዶሮ ገዝተው ከክርስቲያን ጎረቤት አሳርደው ለብቻው አሠርተው ላኩልኝ። «ብላ፣ ከስተሃል» አሉኝ። በላሁ። ጥሩ ነበር። ማታ የወንድሞቻቸውን ስም ጻፍኩ፤ እነሱም አደሩ አይደል?

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

አብርሽ መዝገቡን ወሰደው። አዲሱንም፣ የቀድሞዎቹንም። እትዬ ዘይባ ራሳቸው ናቸው ከሣጥን አውጥተው የሰጡት። «አንድ ሰው አልደበቅኩም። ሁሉም አለበት፣ እዩት አልኳቸው» ብለው ሲነግሩኝ ደረታቸው ነፋ ብሎ ነበር።

«ደግ አደረጉ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። አብርሽ ቀኑን ሙሉ መዝገቡን ገልብጦ ካልኩሌተር ሲነካ ዋለ። ላለማየት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከሰዓት ላይ ጠራኝ።

«ና ይሄን እይ። አልጋ ቤት እንዲህ ዓይነት መዝገብ አይቼ አላውቅም። ማነው የጻፈላት? እጁ የታተመ ነው የሚመስለው።»

«ማን ያውቃል» አልኩ።

«አቦ እኛን ነው የገላገለን። ግምት እንኳ አያስፈልግም። ሁሉም ሌሊት ከነዋጋው ተሰድሮልሃል።»

ይህን ሲል መዝገቡ በእኛ በሁለታችን መሃል ተከፍቶ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ ያለበት ፋይል ደግሞ ከጎኑ። ሰው የሚያየው የሚፈልገውን ነው። አብርሽ ቁጥር ነበር የሚፈልገው።

ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ብቻዬን ከመዝገቡ ጋር ቀረሁ። እስክርቢቶ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩ። መዝገብ መነካካት ወንጀል ነው።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ውሳኔው ደረሳቸው። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከዝናብ አትርፈው ጓሮ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። «አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። ግብሩና የተርን ኦቨር ታክሱ አንድ ላይ፣ መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር። በሠላሳ ቀን ውስጥ። አምና የከፈሉት ሰባት ሺህ አይሞላም።

«ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «ቁጥሩን ብቻ ድገመው።» ደገምኩት።

«ይሄን ያህል ገንዘብ እኔ ቤት ገብቶ ያውቃል? አንተ እዚሁ አይደለህ? አይተሃል?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ስህተት ነው። ስህተት ደግሞ ይታረማል» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ገቡ።

በሬ ካራጁ ይውላል ይላል አገሬ። እኔ አራጅ አይደለሁም። ቢላዋውን የያዘው ሌላ ነው።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ፣ ማታ

ቅሬታውን እኔ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። «አንተ የሚገባበትን ቀዳዳ ታውቃለህ» አሉ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ለቢሯችን ገብቶ አያውቅም፤ ይህን የምለው ያለ ትዕቢት ነው። ስለ ስለታቸው፣ ስለ ጀማሉ፣ ስለ አስታማሚዎቹ ሁሉንም አስገባሁ። «ከአዳሪዎቹ አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ያደሩ ናቸው» አልኩ። በኮምፒውተር አስተየብኩት። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ጣታቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም።

ይህን ደብተር ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። መዝገቡ ላይ ዋጋ በሚለው ረድፍ፣ እላይ 250 እጽፍና ከዚያ እስከ ገጹ ግርጌ ሁለት ሁለት ጭረት አወርዳለሁ። ከላይ እንዳለው ማለት ነው። ለሹፌሩ ሁለት ጭረት፣ ለወይንሸት ሁለት ጭረት፣ ለእህታቸው ልጅ ሁለት ጭረት። «የአታት ናት» ሲሉኝ ረድፉን ባዶ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። ባዶ ቦታ ገጹን ያጎድለዋል። እንደ ጥርስ ወላቃ ዓይኔን ይወጋኛል። ፖሊሶቹ እንደሆኑ የሚያዩት ስም ነው። ማን ዋጋ ያያል?

ሥራዬ ሰነድ ማንበብ ነው። በቀን መቶ ሰነድ እያየሁ፣ ሁለት ጭረት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ጉብሬ ውስጥ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ዐሥር ደቂቃ ላለማለፍ ቸኮልኩ። ለምን ነበር የቸኮልኩት? ክፍሌ ገብቼ ለመጋደም።

ቀላል ነው እኮ። ኮሚቴው ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ በስንፍና ነው» ማለት ነው። ከዚያ ቅጹ ይወጣል። «የለም» ያልኩበት። በስድስት መቶ ብር መኖሬ ይወጣል። በሬን ዘግቼ መተኛቴ ይወጣል። እናቴ የምትኖረው በየወሩ በምልክላት ነው፤ የጎጃም መንገድ እየተዘጋ ካየኋት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከሥራ ብባረር የምሄድበት አገር የለኝም።

ማመልከቻው ብቻውን ይበቃል። በደንብ ነው የጻፍኩት።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ወይንሸት በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ ሽባባው፣ እኔ ልመስክርላቸው። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ አምስት ብር አልከፈልኩም። በመጽሐፍ ቅዱስ እምላለሁ። ማታ ማታ ሲያስጽፉህም ሰምቻለሁ።»

ሲያስጽፉህም።

ምስክር ሲበዛ ነገር ይበላሻል አልኳት። ኮሚቴው የሚያየው ሰነድ እንጂ ሰው አይደለም። ይልቅ ባልሽን አስታሚ አልኳት።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች።

ስለ ሰነዱ የነገርኳት ውሸት አይደለም።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ልናገር ሄጄ ነበር። ይህ ይጻፍልኝ። አቶ ዱባለ ቢሮ ገባሁ፣ በሩንም ዘጋሁ።

«ጥሩ ጊዜ መጣህ» አሉኝ። «ወልቂጤ ላይ የቡድን መሪው ቦታ ክፍት ነው። በተጠባባቂነት አንተን ላቀርብ አስቤአለሁ። ንጹሕ ሰው ነው የምንፈልገው። ሰሞኑን ሌላ ከተማ አንዱ ከግብር ከፋይ ጋር ያለውን ነገር ደብቆ ተገኘ። ደመወዙ የቆመው ያን ዕለቱን ነው። ሦስት ልጅ አለው።»

«ያሳዝናል።»

«ምን ያሳዝናል? ቅጹ ላይ ፈርሟል። ለመሆኑ ምን ልትለኝ ነበር?»

«የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል» አልኩ።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ነገ ነው። እትዬ ዘይባ ሻሻቸውን አጥበው አንጠልጥለዋል። ሽማግሌ ይዘው እንዲሄዱ ጎረቤት ቢመክራቸው «ሽባባው እዚያ ይኖራል፤ ምን ሽማግሌ ያስፈልገኛል?» አሉ።

ሌሊቱ ረጅም ነው። እነግራቸዋለሁ። ነገ ኮሚቴው ከጠየቀ እናገራለሁ። ካልጠየቀ ግን ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ጠየቀ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ማመልከቻውን ከአንድ ቀን በፊት አንብበው፣ ከሥሩ አስምረውበት ነው የመጡት። እትዬ ዘይባን ወንበር አስጠጉላቸው። እኔ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቃለ ጉባኤ ይዤ ተቀምጫለሁ። እትዬ ዘይባ ሲገቡ እንደማያውቁኝ ሰው ከሁሉም እኩል ሰላም አሉኝ።

«እናቴ፣ ስለቱን አምናለሁ» አሉ ሰብሳቢዋ። «ያስቸገረን መዝገቡ ነው። ይኸው ግንቦት 21። ከላይ አንድ ሹፌር፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ከሥሩ ወይንሸት የምትባል፣ ሁለት ጭረት። ከሥሩ ሌላ፣ ሁለት ጭረት። ገጹ ሁሉ እንዲሁ ነው።»

«ጭረት ምንድነው?»

«ከላይ እንዳለው ማለት ነው። እሷም ሁለት መቶ ሃምሳ ከፍላለች ማለት ነው።»

«ወይንሸት? ወላሂ አልከፈለችም! የአታት ናት ነው ያልኩት እኮ። ሁሌም እላለሁ፤ የአታት ናት፣ የአታት ነው።»

«ለማን ነው የሚሉት?»

«ለሚጽፍልኝ።»

«የጻፈልዎት ሰው ቢመጣና ይህን ቢያስረዳ ነገሩ ይለወጣል። እውነቴን ነው። መዝገቡን የጻፈው ሰው ቃል ሌላ ነው። ማነው?»

እስክርቢቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ነበር። እትዬ ዘይባ ፊቴን አላዩም፤ ያዩት እጄን ነው። እያዩት ቆዩ። ምን እንዳደረግኩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ውሃ ላምጣ?» አለኝ መዝገቡን ይዞ የቀረበው አብርሽ። አይ አልኩ።

«ሄዷል» አሉ እትዬ ዘይባ።

«የት?»

«አላውቅም። ተከራይ ነበር። ሄደ።»

«ስሙስ?»

«ረሳሁት።»

ሰብሳቢዋ ተነፈሱ። «ጻፍ ሽባባው። መዝገቡን የጻፈው ሰው በአሁኑ ወቅት የት እንዳለ እንደማይታወቅ አመልካቿ ገልጸዋል።»

ጻፍኩት። እትዬ ዘይባ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ለማንም ሳይሆን «ቢኖር ኖሮ ይናገር ነበር። ጥሩ ልጅ ነበር» አሉ። ይህንንም ጻፍኩት።

«እሱ ለቃለ ጉባኤ አያስፈልግም» አሉኝ ወይዘሮ ዓለምዘውድ። ሰረዝኩት። ግምቱ ጸና።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ጾምኩ ልበል? አልበላሁም። መዝገቡ ቢሮ ከገባ ወዲህም ማታ ማታ በረንዳው ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር፤ ዛሬ አልመጡም። በረንዳው ላይ ወንበሬ አለ። የእሳቸው ተነስቷል።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ምሳ ላኩልኝ። እንደ ወትሮው ሽሮ ነው። ቢሰድቡኝ ምናለ? ያጎረሰኝን እጅ ነክሼ፣ እጁ አሁንም ያጎርሰኛል።

ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በሌላ ጊዜ እንዲከፍሉ ማመልከት እንደሚቻል በሰው አስነገርኳቸው። በሰው ነው፤ በራሴ አይደለም። «ዕዳ ይዤ አልተኛም። ብሞትስ?» ብለው መለሱ።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ጀማሉ የተከሉትን ባሕር ዛፍ እንደቆመ ሸጡት። ወርቃቸውንም። አልበቃም። ዛሬ ሙስተፋ የሚባል ነጋዴ ከቡታጅራ በአይሱዙ መጥቶ አልጋዎቹን ጫነ። ስምንቱንም፣ ከነፍራሻቸው። አንሶላዎቹን እትዬ ዘይባ አጥበው አጥፈው ስለነበር «ይሄ ምርቃት ነው» ብለው ሰጡት።

ወይንሸት የምትተኛበትን የመጨረሻውን ሲያወጡ ዕቃዋን በኩርቱ ፌስታል ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። ክርስቲያን እግሩን ድጋሚ ሊሠራለት ነው፤ ገና ወር ይቀረዋል።

«የት ልታድሪ ነው?» አልኳት።

«አታት የአንዲት ሴት ሱቅ በረንዳ አለ አሉኝ። ሸራ አለው።»

ዝናቡን አየን፣ ሁለታችንም። ከዚያ «ያን ቀን ልመስክር ብዬህ ነበር» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ እያስታወሰች ነበር። ባጃጅ መጣና ሄደች።

የኔ አልጋ አልተሸጠም። ሙስተፋ ወደ ጓሮ ሊገባ ሲል እትዬ ዘይባ «እዚያ ሰው አለ» ብለው መለሱት።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

ከፈሉ። መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ። ደረሰኙን ከመስኮቱ ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ እንደ መዝገቡ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ማሻአላህ ግን አላሉም። የንግድ ፈቃዳቸውንም ዛሬውኑ መለሱ።

ቢሮው ከዕቅዱ በላይ ሰበሰበ ተብሎ ለስላሳ ተገዛልን። አብርሽ «ፈታ በል እንጂ፣ ቡድን መሪ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ጠጣሁ።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ፣ ወልቂጤ

ዛሬ እዚህ ገባሁ። ክፍሏ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ናት፤ መስኮቷ ወደ መናኸሪያው ያያል። ሰኞ አዲሱን ሥራ እጀምራለሁ።

ጠዋት ዕቃዬን ባጃጁ ላይ ጭኜ ልሰናበት ስሄድ እትዬ ዘይባ አንድ ቁጥር ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ስምንቱም በር ተከፍቶ ውስጡ ባዶውን ይታያል። «አልጋ አለ» የምትለዋ ቆርቆሮ ወርዳ የዶሮዎቹ ቤት ላይ ተደርጋለች። የሐምሌን ኪራይ ስድስት መቶ ብር ዘረጋሁ።

«አልቀበልም» አሉ።

«እትዬ፣ የሐምሌ ነው። ሳልከፍል ነው የቆየሁት።»

«አውቃለሁ። ከአንተ አልቀበልም። ከአታቶቹ ጋር ነው የቆጠርኩህ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ዝናብ ሳይመጣ ልሂድ» የሚል ነው። በሩ ድረስ ሸኙኝ። ባጃጁ ሲነሳ ሸራውን ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ያን ቀን ሄዷል ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ በየሶላቴ ማረኝ እያልኩ ነው የከረምኩት። ይኸው ሄድክ። ከእንግዲህ ውሸት አይደለም» አሉኝ። ፊታቸው እንደተገላገለ ሰው ነበር።

ወልቂጤ ስደርስ ስድስት መቶውን ብር ለእናቴ ልላክ ብዬ ባንክ ገባሁና ተራ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።